ጎረቤቴን ልከስ ሄጄ ያወቅሁት

ሌሊት የበር ደወል ይጮኻል። የእኔ አይደለም፣ የታችኛው ቤት ነው። ወለሉ ስስ ስለሆነ ግን እኔው በር ላይ የቆሙ ይመስላል። ከዚያ ኮቴ እሰማለሁ። ሹክሹክታ። በሩ ይዘጋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያው በር ይከፈትና ያው ኮቴ በደረጃው ይወርዳል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ደወል።

ይህ ለወራት የዘለቀ ነገር ነው። የምጽፈው እንደኔ እንግሊዝ አገር በካውንስል ቤት፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር በሚያከራየው ቤት፣ ለሚኖሩ ወገኖች ነው። በተለይ አንድ ነገር እየታያቸው "ምን አገባኝ" ብለው በራቸውን ለሚቆልፉ። እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ። የነቃሁት አርፍጄ ነው። ነቅቼም መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ስህተት ነበር።

የምኖረው ደቡብ ለንደን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጄ ጋር ነው። ከእኛ በታች የሚኖሩት ሰውዬ ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንት ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን አድክሞታል። ልጄ "የታችኛው አባባ" ነው የምትላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው ልበላቸው። የተወለዱት ጃማይካ ነው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ያወቁ ቀን ሊፍት ውስጥ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ጃንሆይ በ1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ እሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ። አየር ማረፊያውን ካጥለቀለቀው ሕዝብ መሃል፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ነበር የሚያዩት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ዝናቡ እንዴት ቀጥ እንዳለ ስንቴ ነግረውኛል መሰላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ለገናም ለፋሲካም ድፎ ዳቦና አልጫ በሳህን አድርጌ እወስድላቸዋለሁ። እሳቸውም ሳህን ባዶውን አይመልሱም። አንዴ ማንጎ፣ አንዴ የዝንጅብል ኬክ ይዞ ይመጣል። ልክ እንደኛ አገር።

ባለፈው ፋሲካ የወሰድኩት ሳህን አልተመለሰም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አሁን ወደኋላ ሳስበው ምልክቱ ብዙ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የክሪኬት ጨዋታ የሚያሰማው ሬዲዮ ጸጥ አለ። መጋረጃቸው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ መዋል ጀመረ። ደረጃው ላይ የማላውቃቸው ወጣቶች ይቀመጣሉ፣ አንዱ ሁለት ስልክ ይዞ። ዋናው የሕንፃ በር እንዳይዘጋ መቆለፊያው ላይ ወረቀት ተጠቅጥቆ አገኘሁት። አሳንሰሩ አጠገብ እንደ አውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ትንንሽ የላስቲክ ከረጢቶች ተጥለው አየሁ። የቤታቸው በር ታችኛው ክፍል በእርግጫ ተሰንጥቆ ነበር። እሳቸውን አንድ ጠዋት ሳገኛቸው ከስተዋል። ሰላም ስላቸው ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም። አጠገባቸው የቆመውን ወጣት "የወንድሜ ልጅ ነው" አሉኝ። ወንድም እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ምንም ነው። መጋረጃ የዘጋ ሰው ወንጀል አልሠራም። እኔም አንዱን ከሌላው አላገናኘሁትም። ለእኔ የታየኝ እንቅልፌ ብቻ ነበር። ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። ሦስት ሌሊት በተከታታይ እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ነው።

ቢሆንም ቶሎ አልተናገርኩም። "ጠቋሚ" የሚለው ቃል ራሱ በእኛ ዘንድ ከባድ ነው። አባቴ የደርግን ዘመን ያሳለፈ ሰው ነበር። "ቀበሌ" ሲል እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው በጎረቤቱ አፍ ሲጠፋ አይቷል። እኔም ሰው ላይ መናገር ነውር ነው እየተባልኩ አደግሁ። ይህንን ፍርሃት የማንቋሸሽ አይደለሁም፣ ምክንያት ነበረው። ግን እዚህ ያለው ነገር ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በመጨረሻ እንቅልፍ ማጣቱ ሲያሸንፈኝ ለካውንስሉ ደወልኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት፦ "ከታች ያለው ጎረቤቴ ሌሊት ሌሊት ድግስ ያደርጋል፣ ሰው ይሰበስባል፣ አስቁሙልኝ።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ የታችኛውን አባባ ፖስታ ሳጥኑ ጋ አገኘኋቸው። እጃቸው ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አለ። ደህና የሆነው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማስጠንቀቂያ ነበር። በድምፅና በኪራይ ውላቸው ጥሰት ቅሬታ እንደቀረበባቸው፣ ከቀጠለ ቤታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ይላል። "ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ዝም አሉ። በሩ ላይ ያ "የወንድም ልጅ" ቆሟል።

ደብዳቤውን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንዲት ጓደኛዬ አጫወትኳት። ሥራዋ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። አላስጨረሰችኝም። "አንቺ፣ ይሄ እኮ ኩኩኢንግ ነው" አለችኝ። ኩኩ የምትባል ወፍ አለች፣ በሌላ ወፍ ጎጆ እንቁላሏን የምትጥል። ዕፅ ሻጮች ብቸኛ ሰው ይፈልጋሉ። ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም ሱስ የያዘው። መጀመሪያ ወዳጅ ሆነው ይመጣሉ፣ ምግብ ይገዛሉ፣ ትንሽ ገንዘብ ይሰጣሉ። ከዚያ ቁልፉን ይወስዳሉ። ቤቱ መሸጫ ይሆናል፣ ባለቤቱ ደግሞ በገዛ ቤቱ እስረኛ። ደረጃው ላይ ከሚቀመጡት ልጆች መካከልም ከሌላ ከተማ ተገደው የመጡ፣ ዕዳ አለብህ እየተባሉ የሚሠሩ ሕፃናት ሊኖሩ እንደሚችሉ ነገረችኝ።

ያኔ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሬዲዮው፣ መጋረጃው፣ ሳህኑ።

እኔ የሠራሁት ስህተት ያየሁትን ሳይሆን የደመደምኩትን መናገሬ ነው። "ድግስ ያደርጋል" አልኩ። ድግስ አላየሁም። ያየሁት በሌሊት ደወል፣ ሁለት ደቂቃ የሚቆይ ሰው፣ የተሰነጠቀ በር፣ የከሳ ሽማግሌ ነው። ይህንኑ ብናገር ኖሮ ስልኩን ያነሳችው ሴት ራሷ ታውቀው ነበር፤ በየቀኑ የምትሰማው ነገር ነው። ስለዚህ ስትደውሉ ፍርዱን ለነሱ ተዉላቸው። ዓይናችሁ ያየውንና ጆሯችሁ የሰማውን ብቻ ስጧቸው።

ሰኞ እንደገና ደወልኩ። ሃውዚንግ ኦፊሰሯ፣ የካውንስሉ የቤት ጉዳይ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ማስታወሻ እንድይዝ ነገረችኝ። የልጄን ያላለቀ የሒሳብ ደብተር አልጋዬ ራስጌ አስቀመጥኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ እኔን ምን እንዳደረገኝ። በቃ ይህ ነው። ነገሩ ሲሆን ወዲያው ነው መጻፍ ያለበት፣ ጠዋት ላይ እያስታወሱ አይደለም።

እዚህ ላይ ሐበሾች ብቻ የሚገባን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የጻፍኩት በአማርኛ፣ በለመድኩት ሰዓት ነበር። "ሌሊት 8 ሰዓት፣ ደወል አራት ጊዜ።" ለኦፊሰሯ በስልክ ሳነብላት ስምንት ሰዓት ብዬ ነገርኳት። እሷም በፈረንጅ ስምንት ሰዓት መስሏት ማታ ሁለት ሰዓት አድርጋ መዘገበችው። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን በሚያይበት ሰዓት አራት ጊዜ ቢደወል ማን ይደነግጣል? ስህተቱ የታየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ደብተሩን በሙሉ እንደገና ገለበጥኩ። በአማርኛ መጻፍ ምንም ችግር የለውም፣ ይተረጎማል። ሰዓቱንና ቀኑን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው አዲስ ቀን እንደሆነም አትርሱ። የማክሰኞ ሌሊት የምንለው ለነሱ ረቡዕ ነው።

ወዴት እንደሚደወል ብዙ ሰው ይምታታበታል። ሰው እየተደበደበ ከሆነ፣ ጩኸት ካለ፣ ጩቤ ካያችሁ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 999 ነው፣ መዝገብ የለ ምን የለ። መናገር የማትችሉበት ሁኔታ ላይ ከሆናችሁ በሞባይል 999 ደውላችሁ ስትጠየቁ 55ን ተጫኑ፣ ወደ ፖሊስ ያገናኛችኋል። 55 ብቻውን ግን ያላችሁበትን ቦታ አይነግራቸውም፤ ከቻላችሁ ማሳል ወይም ስልኩን መታ መታ ማድረግ ይረዳል። የማያጣድፍ ከሆነ የፖሊስ ቁጥር 101 ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ "አማሪክ፣ ኢንተርፕሪተር" ብትሉ አስተርጓሚ ይፈልጉላችኋል። ስማችሁን መስጠት ካስፈራችሁ ክራይምስቶፐርስ አለ፣ 0800 555 111። ፖሊስ አይደለም፣ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስም አይጠይቁም፣ የደወላችሁበትን ቁጥርም አያዩም። እኔ ስለ ከረጢቶቹ የተናገርኩት ለነሱ ነው። ልጄን ይዤ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው የምኖረው፣ መፍራቴ አላሳፈረኝም።

ከሁሉ የጠቀመው ግን ጓደኛዬ ያሳየችኝ መንገድ ነው። ካውንስሉ ውስጥ የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ ክፍል አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንክብካቤ ሕግ አንድ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው እየተበደለ ነው ተብሎ ከተጠረጠረ እንዲያጣሩ ያስገድዳቸዋል። ማንም ሰው ደውሎ "ለእገሌ እሰጋለሁ" ማለት ይችላል። ዘመድ መሆን አያስፈልግም። እኔ መጀመሪያ አባባን ከስሼ የደወልኩትን ያህል፣ ሁለተኛ ጊዜ ለአባባ ብዬ ደወልኩ። የቃሉ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። አንዱ ደብዳቤ ላከባቸው፣ ሌላው ሰው ላከላቸው።

በየጊዜው ሪፈረንስ ቁጥር፣ ማለትም የጉዳዩን መለያ ቁጥር፣ ተቀበሉ። ያለ ቁጥር የተደወለ ስልክ እንዳልተደወለ ነው።

ስለ ዋትሳፕ ግሩፓችንም ልናገር። ሕንፃችን የጋራ ግሩፕ አለው። ነገሩ እየተወራ ሲመጣ አንድ ነዋሪ ኮፍያውን ያጠለቀ ጥቁር ልጅ ደረጃ ላይ እንደቆመ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። "ከነሱ አንዱ ይሄ ነው" አለ። ግሩፑ ጦፈ። ልጁ የስምንተኛ ፎቅ ነዋሪ ልጅ ነበር፤ ቁልፍ ረስቶ እናቱን እየጠበቀ ነው። እናቱ ፎቶውን እዚያው ግሩፕ ላይ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሳንሰር ውስጥ ከማንም ጋር አትነጋገርም፣ አልፈርድባትም። የእኔም ልጅ ነገ ኮፍያዋን አጥልቃ ደረጃ ላይ ትቀመጥ ይሆናል። የሚጻፈው ሰው ያደረገው ነገር ነው፤ መልኩ ወይም ልብሱ ጥፋት አይደለም። ፎቶና ቪዲዮ ካለም ለፖሊስ ወይም ለካውንስሉ ይሰጣል፣ ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። ደረጃው ላይ የሚቀመጡትን ሻጮችም ወርዳችሁ አትጋፈጧቸው። አንድ ጎረቤታችን ተጋፍጦ በማግሥቱ የመኪናው ጎማ ተቀዶ አገኘው።

ሁሉም የሚያናድድ ነገር ደግሞ የሚከሰስ አይደለም። ሕፃን ያለቅሳል። ልጆች ግቢ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ምግብ ያበስላል። ካውንስሎች እንዲህ ያለውን የኑሮ ድምፅና ሽታ ጸረ ማኅበራዊ ድርጊት፣ ማለትም ሰውን የሚያውክ ጥፋት፣ አይሉትም። እኔ ራሴ እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን ቡና ስቆላ የጎን ጎረቤቴ ጭስ አለ ብላ አቤት ብላብኛለች። ካውንስሉ ምንም አላለኝም። እኔ ግን በሯን አንኳኩቼ ለቡና ጠራኋት፣ ዕጣኑንም አሳየኋት። ዛሬ ጀበናው ሲወርድ ከሽታው ታውቀዋለች። በመነጋገር የሚያልቅ ነገር በመነጋገር ይለቅ። የሚነጋገሩት ሰው አደገኛ ሲሆን ወይም ነገሩ ሲደጋገምና ሰውን ሲያሸብር ነው ወደ ሌላው የሚኬደው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። አስራ አንድ ገጽ ሞላ። ኦፊሰሯ ተቀየረች፣ አዲሱ ከመጀመሪያ ጀምሪ አለኝ። ኢሜይል ስልክ መልስ የለም። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ነገር ሰማሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የጸረ ማኅበራዊ ድርጊት፣ የወንጀልና የፖሊስ ሕግ መሠረት ነዋሪው ጉዳዬ እንደገና ይታይልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ኬዝ ሪቪው ይሉታል። ድሮ ኮሚዩኒቲ ትሪገር ነበር ስሙ። መስፈርቱን እያንዳንዱ አካባቢ ያወጣል፣ የተለመደው ግን በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሪፖርት ማድረግ ነው። እኔ ሰባት ሪፈረንስ ቁጥር ነበረኝ። ደብተሩ ሽፋን ላይ ነው የጻፍኳቸው። ለዚህ ነው ቁጥር ቁጥር የምለው።

ማመልከቻውን ልጄ ስልክ ላይ ሞላችልኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ካውንስሉ፣ ፖሊስና ማኅበራዊ እንክብካቤው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ለካ ሦስቱም ስለዚያ በር የየራሳቸው ወረቀት ነበራቸው፣ አንዱ የሌላውን አላየም እንጂ። የአምቡላንስ ጥሪም ነበር፣ እኔ የማላውቀው።

አንድ ጠዋት ከሥራ ስመለስ በአባባ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ልቤ ቀጥ አለ፣ አስወጧቸው ብዬ። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። የፍርድ ቤት መዝጊያ ትዕዛዝ ነው። ግን ከፊል። እንዲህ ዓይነቱ ትዕዛዝ ባለቤቱን አያስወጣም። ለሦስት ወር ከእሳቸውና በስም ከተጠቀሱ ሰዎች፣ ማለትም ከነርሷና ከሠራተኞቹ በቀር ማንም ወደዚያ ቤት እንዳይገባ ነው የሚከለክለው። የገባ ሊታሰር ይችላል። እስከ ስድስት ወርም ሊራዘም ይችላል። እኔ ፍርድ ቤት አልቆምኩም። ስሜም አልተጠራም። የነዋሪዎችን ማስታወሻ ያቀረቡት ኦፊሰሮቹ ናቸው። "ስም ይወጣብኛል" ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ አስቀድሞ ይጠይቅ። የእኔን ስም ሊጠቀሙ ቢፈልጉ እንኳ ፈቃዴን እንደሚጠይቁ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር።

ያ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተነሣላቸው። እንዲነሣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ በጽሑፍ። የመጀመሪያው ቅሬታዬ የተሳሳተ እንደነበር፣ ያየሁት ምን እንደሆነ አስረዳሁ። ይህን ማድረግ ይቻላል። ተሳስታችሁ ከሆነ ተመለሱና አስተካክሉ።

ለአባባም ነገርኳቸው። ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ ግን ሳህን የምንቀባበል ሰዎች ነን። አዲስ በተገጠመው በር ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ስልክ የደወልኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ሁለተኛውንስ?" አሉኝ። እሱንም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በደህናው እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከታች የክሪኬት ድምፅ ተሰማ። ማታ ላይ በሬ ተንኳኳ። አባባ ናቸው፣ በዝንጅብል ኬክ የተሞላ ሳህን ይዘው። ሳህኑ የእኔ አይደለም። የእኔን እነዚያ ወጣቶች ሰብረውታል፣ እሳቸው ሌላ ገዝተዋል፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ የሆነ። ለገና ድፎውን የወሰድኩት በሱ ነው።